በዩኒፎርሙ ቀለም ምክንያት ከበር የተመለሰው ልጅ

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ። የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ኮልፌ አካባቢ ነው። ትልቁ ልጄ አሥራ አራት ዓመቱ ሲሆን በአንድ የግል ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ይማራል። ትምህርት ቤቱ ዘንድሮ የዩኒፎርሙን ቀለም ከአረንጓዴ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ቀየረ። የሚሸጠውም እዚያው ግቢ ውስጥ ብቻ ነው፤ አንዱ ሙሉ ልብስ ከነሹራቡ 3,400 ብር። ባለቤቴ ሹፌር ነው። የሁለቱን ልጆች ምዝገባና የመጀመሪያውን ክፍያ ከከፈልን በኋላ እጃችን ላይ የቀረ ነገር አልነበረም። ለታናሿ ከትምህርት ቤቱ ገዛሁላት፤ ለትልቁ ግን ተመሳሳይ ጨርቅና ሹራብ ከመርካቶ ፈልጌ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ሰፋልኝ፤ ሁሉም ተደምሮ ግማሽ ዋጋ ነው የፈጀብኝ። ጥቂት ሳምንታት ያለ ችግር ለበሰው። ከዚያ ዩኒት ሊደሩ ‹ቀለሙ ይለያል፤ አርማም የለውም› ብሎ ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ ከሰልፉ አወጣው። ከሌሎች ሦስት አራት ልጆች ጋር ተማሪው ሁሉ ፊት አቁሞ ከተቆጣቸው በኋላ ወደ ቤት መለሳቸው። በዚያው ቀን የሒሳብ ፈተና ነበር፤ አመለጠው። አሁን ልጁ ‹ሁለተኛ እዚያ አልሄድም› ብሎ ቤት ተቀምጧል። እውነቱን ለመናገር ፀጉሩንም አሳድጓል፤ እንዲቆረጥ ተነግሮት ነበር። ባለቤቴ ‹መንግሥት ትምህርት ቤት እናዛውረው፤ እዚያ ዩኒፎርም በነፃ ነው› ይላል። እህቴ ደግሞ ‹ተበድረሽም ቢሆን ግዢና ተገላገይ› ትለኛለች። እኔ ግን ያጠፋሁት ጥፋት አልታይ አለኝ። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦

ውድ እህቴ፣ ደብዳቤዎን ሳነብ ከሁሉ ይልቅ ያንገበገበኝ ያመለጠው የሒሳብ ፈተና ነው። ስምንተኛ ክፍል ዓመቱ ሲያልቅ ከተማ አቀፍ ፈተና የሚጠብቅበት ክፍል ነው። እንዲህ ባለው ዓመት አንድ ልጅ በሹራቡ ቀለም ምክንያት ከመማሪያ ክፍል ውጭ የሚውልበት አንድም ቀን ሊኖር አይገባም። ስለዚህ ወደ ሌላው ከመሄዴ በፊት የምለምንዎ ነገር ቢኖር ልጁ ነገ ጠዋት ትምህርት ቤት እንዲሄድ ነው። ያሰፉለትን ልብስ አጥበውና ተኩሰው ያልብሱት፤ እርስዎ ወይም አባቱ አብረውት ይሂዱ። በሩ ላይ ጥያቄ ከተነሳ መልስ ሰጪው ወላጅ ይሁን። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ስለ ቤተሰቡ ገንዘብ ለዘበኛና ለዩኒት ሊደር ማስረዳት የለበትም።

በደብዳቤዎ ውስጥ ሁለት ጉዳዮች ተደባልቀዋል፤ አንዱ ደንቡ፣ ሌላው ቅጣቱ። ትምህርት ቤቱ ዩኒፎርም የማስለበስ መብት አለው፤ ቀለሙንም የሚወስነው እሱ ነው። ልጅዎን ሲያስመዘግቡ በፈረሙት ቅጽ ላይም ይህ ሳይጻፍ አይቀርም። በዚህ ላይ መከራከር ውሃ መውቀጥ ነው። ቅጣቱን በተመለከተ ግን ሙሉ በሙሉ እውነቱ ከእርስዎ ጋር ነው፤ አንድ እርምጃ እንኳ ወደ ኋላ እንዲሉ አልመክርም።

እኔ የዩኒፎርም ደጋፊ ነኝ። በመምህርነት በቆየሁባቸው ዓመታት ዩኒፎርም ምን ያህል እንደሚጠቅም ያስተማረኝ ዩኒፎርም የማይለበስበት ቀን ነው። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ተማሪዎች የፈለጉትን ለብሰው እንዲመጡ የሚፈቀድበት ቀን አለ፤ ልጆቹ ‹ከለር ደይ› ይሉታል። ግቢው ያን ቀን ሰርግ ቤት ይመስላል። ስም ስጠራ ግን ‹አቤት› የማይሉ ልጆች ነበሩ። በማግስቱ ሲጠየቁ አንዱ ሆዱን አሞት እንደነበር፣ ሌላዋ እናቷ እንደላከቻት ይናገራሉ። ዓመቱን ሙሉ ከጓደኞቻቸው ማንም ለይቶ ያላያቸው፣ ጎበዝ የሚባሉም ጭምር፣ ለዚያ አንድ ቀን የሚለብሱት አጥተው ቤት ዋሉ። ዩኒፎርም የሚሸፍነው ይህንን ነው። የአንዱ አባት አስመጪ፣ የሌላው እናት የጉሊት ቸርቻሪ መሆኗ ከልብሳቸው እንዳይነበብ ያደርጋል።

የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዩኒፎርምና ደብተር በነፃ ማቅረቡ፣ የተማሪዎች ምገባም መስፋፋቱ ከዚሁ ሐሳብ ጋር የተያያዘ ነው። ልብስ መግዣ ያጣ ወላጅ ልጁን ከትምህርት እንዳያስቀር ታስቦ የተደረገ ነገር ነው። እንግዲህ እዚያው ከተማ ውስጥ፣ ወላጁ እጅ ያጠረውን ልጅ ከሰልፍ ለይቶ ተማሪ ሁሉ እያየው ማቆም ምን ይባላል? ዩኒፎርሙ እንዲሸፍን የተበጀለትን ነገር በዩኒፎርሙ ሰበብ አደባባይ ማውጣት ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው የደንቡ ጠባቂ ነኝ ቢል አልቀበለውም።

‹እዚሁ ግቢ ብቻ ግዙ› የሚለው ነገርም ከሥነ ሥርዓት ጋር ግንኙነት የለውም። እሱ ንግድ ነው። ትምህርት ቤት ቀለሙን፣ የጨርቁን ዓይነትና የስፌቱን ቅርጽ ይወስን፤ ማን እንደሚሰፋው መወሰን ግን የወላጅ ፋንታ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። ቀለም ሊቀይር የተነሳ ትምህርት ቤትም ቢያንስ ለአንድ ዓመት አሮጌው ከአዲሱ ጋር አብሮ እንዲለበስ ቢፈቅድ ምን ይጎድልበታል? የአምናው አረንጓዴ ሱሪ አሁንም የሚበቃው ልጅ አይጠፋም እኮ፤ በነሐሴ ወር ሁለት ልጅ ለሚያስመዘግብ ሹፌር ይህ ትንሽ እፎይታ አይደለም።

ስለ ቀለሙ ልዩነት አንድ ነገር ላንሳ፤ ምክንያቱም ርዕሰ መምህሩ ፊት ሲቀርቡ ዋናው ክርክር እዚህ ላይ ይሆናል። ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ከጥቅል ጥቅል ይለያያል። ከአንድ ፋብሪካ የወጣ ቢሆን እንኳ በተለያየ ጊዜ የተነከረው ጨርቅ ጎን ለጎን ሲደረግ አንዱ ወደ ጥቁር፣ ሌላው ወደ ሰማያዊ ሲያደላ ይታያል፤ የጨርቅ ነጋዴዎችም ለአንድ ልብስ የሚበቃውን ሁሉ ከአንድ ጥቅል ቆርጣችሁ ውሰዱ የሚሉት ለዚህ ነው። ከዚያ ደግሞ ማጠቢያውና ፀሐዩ አለ። ቴትሮን የበዛበት ጨርቅ ቀለሙን ይዞ ይቆያል፤ ጥጥ የበዛበት ግን በየሳምንቱ እየታጠበ ገመድ ላይ ሲሰጣ ፈጥኖ ይነጣል። ከትምህርት ቤቱ የተገዛው ልብስ ራሱ ለፋሲካ የመስከረሙን ቀለም ይዞ አይደርስም። ስለዚህ ሲሄዱ ከትምህርት ቤቱ የገዙትን የታናሿን ሹራብ ይዘው ይሂዱ፤ የእሱን ከጎኑ አድርገው በቀን ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ፣ ርዕሰ መምህሩ በዓይናቸው እንዲያዩት ያድርጉ። ልዩነቱ ከሩቅ የማይታወቅ ከሆነ ክርክሩ ግማሽ በግማሽ ያልቃል። በጣም የሚለይ ከሆነም እርስዎ ራስዎ ቢያውቁት ይሻላል፤ ልብስ ሰፊው ጋር ለሚቀጥለው ዓመት ሌላ ጨርቅ መፈለግ ይቻላል።

የአርማው ጥያቄ ግን ተገቢ ነው። አርማ ተማሪውን ከመንገድ ላይ ሰው ለመለየት፣ በአደጋ ጊዜም ከየት እንደመጣ ለማወቅ ይረዳል። መፍትሔውም ቀላል ነው፤ ትምህርት ቤቱ አርማውን ብቻ በጨርቅ ላይ ተጠልፎ ወይም ታትሞ እንዲሸጥልዎ ይጠይቁ። የሰፈርዎ ልብስ ሰፊ በደቂቃዎች ውስጥ ደረቱ ላይ ይለጥፈዋል። ይህን ሐሳብ ይዘው ሲቀርቡ ‹ደንቡን አልቀበልም› የሚሉ ወላጅ ሳይሆኑ ደንቡን በአቅምዎ ለመፈጸም የመጡ ወላጅ መሆንዎ ይታያል።

አሁን ወደ ቅጣቱ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ስለ ሕፃናት መብት የሚናገር ነው። ልጆችን በሚመለከት የመንግሥትም ሆኑ የግል የበጎ አድራጎት ተቋማት፣ ፍርድ ቤቶችና አስተዳደሮች እርምጃ ሲወስዱ የልጁን ጥቅም እንዲያስቀድሙ ያዛል፤ በትምህርት ቤት ውስጥ የሚፈጸምን አካላዊ ቅጣትና ጭካኔ የተሞላበት አያያዝም ይከለክላል። ልጅዎ አልተመታም፤ ስለዚህ በዱላው ክልከላ ላይ ብቻ አይንጠልጠሉ። ለእርስዎ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው ኢትዮጵያ የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት ነው። አንቀጽ 28 የትምህርት ቤት ሥነ ሥርዓት የልጁን ሰብአዊ ክብር በሚጠብቅ መንገድ እንዲፈጸም መንግሥታትን ያስገድዳል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት ደግሞ አገሪቱ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሕጓ አካል ናቸው። ይህን የምነግርዎ ፍርድ ቤት እንዲሄዱ አይደለም። ርዕሰ መምህሩ ፊት ሲቀመጡ ‹ልጄ ተማሪ ሁሉ ፊት እንዲቆም የሚፈቅድ ደንብ አላችሁ ወይ? ካለ አሳዩኝ› ለማለት ወኔ እንዲሰጥዎ ነው። የዩኒፎርም ጉድለት የወላጅ ጉዳይ ነው፤ ተገቢው እርምጃም ለወላጅ ደብዳቤ ጽፎ ቀነ ገደብ መስጠት ነበር።

ከማን ይጀምሩ? ከዩኒት ሊደሩ አይጀምሩ፤ እሱ የሠራውን ለመከላከል ስለሚገደድ ነገሩ ወደ ግል ጠብ ይሄዳል። በቅድሚያ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ቀጠሮ ይያዙ። የሚሄዱት ግን ብቻዎን መሆን የለበትም። ልጅዎ የቆመው ከሌሎች ሦስት አራት ልጆች ጋር መሆኑን ጽፈዋል፤ እነዚያ ልጆችም እናትና አባት አላቸው። ስማቸውን ከልጅዎ ይጠይቁ፤ በወላጆች የቴሌግራም ቡድን ሁሉም ፊት ሳይሆን በግል ደውለው ያግኟቸው። አንድ እናት ስትናገር ‹መክፈል ያቃታት› ተብላ ልትታለፍ ትችላለች፤ አራት ወላጆች አንድ ጥያቄ ይዘው ሲቀመጡ ግን የሚያልፋቸው የለም። በትምህርት ቤቱ ውስጥ የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት ካለም የዩኒፎርም ሽያጩ ጉዳይ በአጀንዳ እንዲያዝ ለሰብሳቢው አመልክቱ። በየዓመቱ ሰኔ ላይ ያጠረና የተረፈ ዩኒፎርም ተሰብስቦ ለሚፈልግ ወላጅ የሚሰጥበትን መንገድም ኅብረቱ በቀላሉ ሊያመቻች ይችላል፤ የአንድ ልጅ ልብስ ሳይቀደድ ማጠሩ በየቤቱ ያለ ነው።

የሚጠይቁትን በአጭሩ በጽሑፍ ያድርጉት፤ አንዱን ቅጂ ማኅተም አስመትተው ያስቀሩ። ረጅም ደብዳቤ አያስፈልግም። የሚከተለውን የመሰለ ይበቃል፦

«ለትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር። የ8ኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጃችን በዩኒፎርሙ ቀለምና በአርማ ምክንያት ከተማሪዎች ፊት እንዲቆም ከተደረገ በኋላ ወደ ቤት በመመለሱ የሒሳብ ፈተና አምልጦታል። የትምህርት ቤቱን ደንብ ለመፈጸም ፈቃደኞች ነን። ስለዚህ ለብቻው አርማ እንድንገዛ እንዲፈቀድልን፣ ያለው ልብስ እስከ ዓመቱ መጨረሻ እንዲለበስ፣ ያመለጠው ፈተና እንዲሰጠው፣ ወደፊትም በዩኒፎርም ጉዳይ ጥያቄ ሲኖር ልጃችን ከክፍል ሳይወጣ ለእኛ እንዲነገረን በአክብሮት እንጠይቃለን።»

መልሱ ‹አይሆንም› ከሆነ፣ ወይም ጆሮ ዳባ ልበስ ከተባለ፣ ቅጂውን ይዘው የግል ትምህርት ቤቶችን ወደሚቆጣጠረው የከተማው የትምህርትና ሥልጠና ቁጥጥር ባለሥልጣን ይሂዱ። ግን እዚያ ድረስ የሚያስኬድዎ አይመስለኝም። ብዙ ርዕሰ መምህራን በሰልፍ ላይ የሚደረገውን ሁሉ ራሳቸው ፈቅደውት አይደለም፤ ወላጅ ረጋ ብሎ ሲነግራቸው የሚያፍሩ፣ የሚያስተካክሉም ናቸው።

ፀጉሩ። እዚህ ላይ አልደግፍዎትም፤ ልጁም ቅር ቢለው ይቅር ይበለኝ። ዛሬ ማታ ይቆረጥ። የዩኒፎርሙን ገንዘብ በአንድ ቀን ማምጣት አትችሉም፤ ፀጉር ግን ሰፈር ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚያልቅ ነገር ነው፤ አስቀድሞም ተነግሮት ነበር። ፀጉሩን እንዳሳደገ ርዕሰ መምህሩ ፊት ቢቀርብ ስለ ዩኒፎርሙ ያላችሁ እውነት ሁሉ ‹ልጁ ደንብ አያከብርም› በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይጠቀለላል። ይህን ስል ግን በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች በር ላይ መቀስ ይዞ የተማሪ ፀጉር መሐል ለመሐል መንገድ የሚያወጣውን ሰው እየደገፍኩ አይደለም። እሱ ማዋረድ ነው፤ በማንም ልጅ ላይ ሊደረግ አይገባም። የእርስዎ ልጅ ፀጉር ግን በወላጁ ትእዛዝ፣ በራሱ ፀጉር አስተካካይ ወንበር ላይ ይቆረጥ።

ከልጁ ጋር የሚያደርጉት ንግግር ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። ‹ልብስ ምን አለው፤ ዋናው ትምህርቱ ነው› አይበሉት። እውነት ቢሆንም አሁን አይሰማውም። እሱን ያመመው የሹራቡ ቀለም አይደለም፤ በክፍሉ ያሉት ልጆች፣ ምናልባትም በስም የሚያውቃት አንዲት ልጅ፣ እንደዚያ ቆሞ ማየታቸው ነው። በዚያ ዕድሜ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ‹የተደረገብህ ነገር ልክ አይደለም፤ እኛም ዝም አንልም› ብለው ይጀምሩ። ከዚያ የገንዘቡን ነገር እንደ አዋቂ ይንገሩት፤ ምዝገባው ስንት እንደነበር፣ ለእህቱ ከትምህርት ቤቱ ለምን እንደተገዛ፣ ለእሱ ለምን እንደተሰፋ። ልጆች ከእነሱ የተደበቀውን ችግር እንደ ነውር ያዩታል፤ በግልጽ የተነገራቸውን ግን አብረው ይሸከሙታል። እግረ መንገድዎን ርዕሰ መምህሩን ሲያነጋግሩ አብሮ መግባት ይፈልግ እንደሆነ ይጠይቁት። ካልፈለገ አያስገድዱት። ከፈለገ ግን ወላጁ ሳይጮኽና ሳይለማመጥ ሲከራከርለት ማየቱ ብዙ ነገር ይመልስለታል።

የባለቤትዎን ሐሳብ አልንቀውም። ዩኒፎርምና ደብተር በነፃ ማግኘት ለሁለት ልጅ አባት ትልቅ ነገር ነው፤ በመንግሥት ትምህርት ቤትም ጎበዝ መምህራን አሉ። ይሁን እንጂ የስምንተኛ ክፍል ተማሪን ዓመቱ ከተጀመረ በኋላ ማዛወር ለፈተናው ጥሩ አይደለም፤ ልጁም የሄደው ተሸንፎ እንደሆነ ያስባል። ስምንተኛን እዚሁ ይጨርስ። ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ትምህርት ቤት መቀየር እንደሁ የተለመደ ነው፤ ያኔ ከእሱ ጋር ሆናችሁ አስቡበት።

የእህትዎን ምክር ግን አይቀበሉ። ለዩኒፎርም መበደር ለሚቀጥለው ወር ክፍያ ሌላ ብድር ይጠራል። ይልቁንስ ልብስ ሰፊው ጋር ሄደው የሱሪው እግር ላይ ትርፍ ጨርቅ መኖሩን ይጠይቁ። ወደፊት ሲያሰፉ ደግሞ እግሩ ላይ አራት ጣት ያህል ቅምቅማት፣ ወገቡና ጎኑ ላይም የሚለቀቅ ትርፍ እንዲያስቀርልዎ ያሳስቡት። በዚህ ዕድሜ ያለ ወንድ ልጅ በአንድ ክረምት ሱሪው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ይቀራል። ቅምቅማቱ ሲለቀቅ የቀድሞው እጥፋት መስመር ይታይ ይሆናል፤ ኮምጣጤ በተቀላቀለበት ውኃ የራሰ ጨርቅ አስቀምጠውበት ቢተኩሱት በመጠኑ ይደበዝዛል። ለትንሿም የተገዛውን ልብስ እንዲሁ ይመልከቱት፤ የተዘጋጀ ልብስ ብዙውን ጊዜ ትርፍ አይተውም።

ከሁሉም በፊት ግን የሒሳቡን ፈተና አያዘግዩ። ርዕሰ መምህሩን የሚያገኙበት ቀን ቢራዘም እንኳ ነገ ጠዋት ልጁን ሲያደርሱ የሒሳብ መምህሩን ወይም መምህርቷን በአካል ያነጋግሩ። ልጁ የቀረው በራሱ ፈቃድ እንዳልነበረ፣ ከግቢው የመለሰው ትምህርት ቤቱ መሆኑን ነግረው ምትክ ፈተና የሚወስድበትን ቀን ይጠይቁ። ውጤት ከተመዘገበ በኋላ ማስተካከል ስለሚከብድ ቀኑን ሳያስቆርጡ ከግቢው አይውጡ።